የእናቴ አንጎል «ተቆጥቷል» አሉኝ፤ ማስታገሻውን ልጨምርላት?

ጥያቄ፦ እናቴ 72 ዓመቷ ነው። ዓምና አልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ነው ተባልን። በሽታው የአንጎል መቆጣት አለበት ሲሉ ስሰማ፣ ለጉልበቷ ታዞላት የነበረውን ማስታገሻ ኪኒን፣ ዳይክሎፌናክን፣ ከፋርማሲ እየገዛሁ በቀን ሁለቴ እሰጣታለሁ። ሦስት ወር ሆነው። ከአራት ቀን ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ታወራለች፣ ቀን ትፈዛለች። መጠኑን ልጨምር? ከሁለት ዓመት በፊት ወጡ ላይ ጨው ሁለቴ ስትጨምር ስቄ ነበር ያለፍኩት።

መልስ፦ ከጨው ነገር ልጀምር። እናትሽን ያሳመማቸው ያ ሳቅሽ አይደለም። አልዛይመር ምልክቱ ከመታየቱ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው አንጎል ውስጥ የሚጀምረው። ያኔ ብትወስጂያቸውም የሚያድን መድኃኒት አልነበረም፤ ዛሬም የለም።

መቆጣቱ እውነት ነው። አንጎል ማይክሮግሊያ የሚባሉ ዘበኞች አሉት። አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን እንደ ቆሻሻ ሲከማች ሊያጸዱ ይነሣሉ። አላልቅ ሲላቸው ቁጣቸው አይበርድም፤ ጤነኛውንም ሕዋስ ይጎዳሉ። ማስታገሻ ያበርደው ይሆን ያልሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። አሜሪካ ውስጥ ናፕሮክሲንና ሴሌኮክሲብ የተባሉ የዳይክሎፌናክ ዓይነት ማስታገሻዎች በአረጋውያን ላይ ተሞክረው በሽታውን አልተከላከሉም፤ ለልብ ያሰጋሉ ተብሎም እ.ኤ.አ. በ2004 በሙከራው ላይ መስጠቱ ቆመ። እዚያው በ2023 የጸደቀው ሌካኔማብ የተባለ የአልዛይመር መድኃኒት አሚሎይዱን ያጸዳል፤ ግን ለጅማሬው ደረጃ ብቻ ነው፣ እሱ ራሱም አንጎል ሊያሳብጥ ይችላል።

እና ሦስት ወር ሙሉ፣ ማንንም ሳትጠይቂ! በዚህ ዕድሜ ዳይክሎፌናክ ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ግፊት ይጨምራል። ዛሬውኑ አቁሚ።

አሁን ዋናው። አልዛይመር በአራት ቀን እንዲህ አይብስም። በዓመታት ነው የሚገፋው። ሰው በድንገት ሲቀባዥር ሌላ ነገር ገብቷል ማለት ነው፦ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውሃ ማነስ፣ ወድቆ ጭንቅላትን መመታት፣ ወይም ያንቺው ኪኒን ኩላሊታቸውን ነክቶ። «ትኩሳት የላትም» እንዳትዪኝ፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ኢንፌክሽን ይዞትም ላያተኩሰው ይችላል። «እርጅና ነው»ም አትበዪ፤ ይህን ቃል ብቻ ሰምተው ቤት የቀሩ ስንት እናቶች አውቃለሁ። ሽንታቸው ቀንሷል? ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሯል? ወድቀዋል? የእንቅልፍ ኪኒን ወይም የጉንፋን ሽሮፕ ሰጥተሻቸዋል? አብዛኛው በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል።

ነገ ሳይሆን ዛሬ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂያቸው። መድኃኒቶቹን በሙሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። ዳይክሎፌናኩን ስንት ጊዜ እንደሰጠሽ ለሐኪሙ አትደብቂ። ቢቆጣሽም ቻይው።