ጨረሩ ከሰውነቴ ወጥቷል? ልጄን ማቀፍ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ፣ አዲስ አበባ ጨረሬን ጨርሼ ኮምቦልቻ ከገባሁ አሥር ቀኔ ነው። ቆዳዬ ጠቁሮ ብብቴ ሥር ተላጠ። ቅቤና ጂቪ (ሐምራዊውን የቁስል መድኃኒት) እቀባለሁ። ጎረቤቶቼ «የወይባ ጭስ ሙቂ፣ ጨረሩ ይወጣልሻል» ይሉኛል። የሁለት ዓመት ልጄንም ለይቼ ነው የማስተኛት። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎን ዛሬ ማታ አቅፈው ይተኙ። የወሰዱት ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር ነው፤ ማሽኑ ሲጠፋ ጨረሩም ያበቃል። በላብም፣ በትንፋሽም፣ በመሳምም ወደ ልጅ የሚሻገር ነገር የለም። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ቆዳው የባሰበት ጨረር ስለቀረ ሳይሆን የተጎዳው ቆዳ ተራግፎ አዲሱ እስኪተካ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው። ብዙ ጊዜ የሚብሰው ሕክምናው ካለቀ በ1 እና በ2 ሳምንት መካከል ነው፤ እርስዎ አሁን እዚያው ላይ ነዎት። አብዛኛው በ4 ሳምንት ገደማ ይድናል።

ወይባ ግን በፍጹም! የሚወጣ ጨረር የለም፤ የሚወጣው ላብ ነው። ጉድጓዱ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው ሲቀመጡ ጨረር ያገኘው ቆዳ ሙቀቱን አይችልም፤ ይቃጠላል፣ ውሃ ይቋጥራል። ላቡ ብብት ውስጥ ተጠራቅሞ የተላጠውን ያረጥበዋል፣ ጥላሸቱ ደግሞ ቁስሉ ላይ ይጋገራል። የብብት ንፍፊት ወጥቶልዎ ከሆነ ሙቀቱ ክንድዎን ሊያሳብጠው ይችላል። በወሊድ ጊዜ ተስማምቶኛል ብለው እንዳይሞክሩት። ቁስሉ ቢደርቅም ሐኪምዎ ሳያይዎት አይግቡ። ፍል ውሃም ያው ነው።

ቅቤውንና ጂቪውን ማን አዘዘልዎ? ቆዳ ተላጦ እያዩ ቤት ውስጥ መሞካከር አይገባም ነበር። ጂቪ ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ቀለሙም ቁስሉ ማመርቀዙን ይደብቅብናል። ሁለቱንም ዛሬ ያቁሙ።

ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና፣ በመዳፍዎ ብቻ፣ ሳያሹ ይታጠቡ። በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ያድርቁ። ያልተላጠው ላይ ሽታ የሌለው ቫዝሊን በስሱ ይቀቡ፤ የተላጠውን ጤና ጣቢያ ሄደው በማይጣበቅ ጎዝ ያሸፍኑ። ጡት መያዣ ይቅር፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ይልበሱ። የኮምቦልቻን ፀሐይ ቢያንስ ለ1 ዓመት በነጠላ ይከልሉት። ድካሙ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል፤ አያስደንግጥዎ።

መግል፣ መጥፎ ሽታ ወይም ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ካዩ ግን ሳያድሩ፣ የሕክምና ወረቀትዎን ይዘው ደሴ ሆስፒታል ይሂዱ። በሚቀጥሉት 6 ወራት ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሳንባዎ ለጨረሩ የሰጠው ምላሽ ሊሆን ስለሚችል፣ ጉንፋን ነው ብለው አሞክሳሲሊን ገዝተው አይዋጡ፤ ይመርመሩ።