ስለ ጉሬዛ ጠይቁኝ፦ አመጋገቡና አዋዋሉ

ሰላም ለሁላችሁ። ጉሬዛ ባለበት ጫካ አስጎብኚ ሆኜ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። የፈለጋችሁትን ጠይቁ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ፦ ምግብ አትስጡት።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦ ጋሼ፣ ቅጠል በልቶ እንዴት ይጠግባል?

ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ነገሩ ያለው ሆዱ ውስጥ ነው። የጉሬዛ ጨጓራ እንደኛ አንድ ከረጢት አይደለም፣ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው። የላይኛው ክፍል በባክቴሪያ የተሞላ ነው። የእኛ ሆድ የማይችለውን የቅጠል ጭረት፣ ማለትም ጠንካራውን አሰር፣ እነሱ ያብላሉታል፣ ከዚያ የሚወጣው አሲድ ለጉሬዛው ኃይል ይሆነዋል። ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ደግሞ ወደ ታች ሲወርዱ ይፈጩና ፕሮቲን ይሆኑለታል። ሥራው ጋዝ ስላለው ቁጭ ብሎ በላይ በላዩ ሲያገሳ ትሰማላችሁ። ሲመርጥም ለጋውን ቅጠል ነው፣ ፕሮቲኑ ይበዛል፣ ጭረቱ ያንሳል። የሾላና የጥቁር እንጨት ፍሬም ይበላል።

ሜሪ፦ ሙዝስ? በጣም ሲወዱት አይቻለሁ።

መውደዳቸው ይስማማቸዋል ማለት አይደለም። ስኳርና ዱቄት እዚያ ጨጓራ ውስጥ ሲገባ ቶሎ ይብላላል፣ አሲዱ ከልክ ያልፋል፣ ሆዱ ይነፋል። የእህል ክምር አግኝታ እንዳሻት የበላች ላም የምትሆነውን ታውቁ የለ? እንደዚያው ነው። ሊሞት ይችላል።

ቶማስ፦ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ነው የማየው። ሰነፍ ነው እንዴ?

አይደለም። ቅጠል የሚሰጠው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ይቆጥባል። ከቀኑ ከግማሽ በላይ እረፍት ነው። ወንዱ ገና ሳይነጋ ይጮኻል፣ ከማዶ ያለው መንጋ ይመልስለታል፣ ከዚያ ዛፍ ጫፍ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ወደ ማታ ደግሞ ይበላሉ።

ሄኖክ፦ እውነት አውራ ጣት የለውም?

የለውም፣ ጉጥ ብቻ ነው። አራቱን ጣቶች አጥፎ ቅርንጫፉን ወደ አፉ ይስባል፣ ቅጠሉን በጥርሱ ይቀነጥስና ቅርንጫፉን ይለቀዋል። ቀረብ ብላችሁ እዩት።

የስሜን ሰው፦ ቅጠል በሊታ ከተባለ ጭላዳም አለ እኮ።

ሄኖክ፦ ጭላዳ ሣር ነው የሚበላው፣ ሌላ ነገር ነው።

የስሜን ሰው፦ ሣርስ ቅጠል አይደለም?

ሁለታችሁም ተረጋጉ። ጭላዳ የዝንጀሮ ወገን ነው፣ ሣሩን በጥርሱ አድቅቆ ነው የሚውጠው፣ የጉሬዛ ዓይነት ጨጓራ የለውም። የጭላዳን ነገር ሌላ ቀን።

ሰላም ከጅማ፦ ብስኩት ትንሽ ትንሽ ቢሰጠውስ?

እህቴ፣ ከላይ ጽፌዋለሁ። ብስኩት ዱቄትና ስኳር ነው። ትንሹም አይሰጥ። በዚያ ላይ ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጉሬዛ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ያኔ ውሻና መኪና ይጨርሰዋል።

ቶማስ፦ ጨው ግን ይፈልጋል ይባላል።

ጥሩ ጥያቄ! ቅጠል ሶዲየም፣ ማለትም ጨው ውስጥ ያለው ማዕድን፣ የለውም ማለት ይቻላል። ኡጋንዳ ኪባሌ ጫካ ያሉት ጉሬዛዎች የባሕር ዛፍ ልጥ እየላጡ ይበላሉ፣ ልጡ ሶዲየም አለውና። ዛንዚባር ያለው ዘመዳቸው፣ ቀዩ ኮሎበስ፣ የማንጎ ቅጠል ሲበላ ከሰል ፍለጋ ሰው ግቢ ይገባል። ቅጠሉ ውስጥ ያለውን መርዝ ከሰሉ ይይዝለታል። ማን እንዳስተማራቸው ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል።

ሜሪ፦ ነጩ ትንሹ ሌላ ዝርያ ነው?

ግልገል ነው። ነጭ ሆኖ ይወለዳል፣ በወራት ውስጥ ይጠቁራል። ሌሎቹ ሴቶችም ተቀባብለው ያቅፉታል።

አዲስ ገቢ፦ ግልገል አግኝቻለሁ፣ ምን ላብላው?

ምንም! የላም ወተትም አትስጥ። ዛሬውኑ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ደውል። እናቱ አጠገብ ካለች ደግሞ ካገኘህበት መልሰህ ራቅ በል።