ለቫዮሊኒስቷ እህቴ፦ መጀመሪያ ከሽማግሌዎቹ ጋር ስለ ገንዘብ አውሪ

ደብዳቤሽ አናደደኝ። ያናደድሽኝ ግን አንቺ አይደለሽም።

ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። ጸሐፊዋ 24 ዓመቷ ነው። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በቫዮሊን ተመርቃለች። በአንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን እሁድ እሁድ ታገለግላለች፤ በሳምንቱ መካከል ልምምድ አለ፣ ኮንፈረንስ ሲመጣ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ። ክፍያ የለም። በቅርቡ ከጓደኞቿ ጋር አራት ሆነው፣ በኳርቴት፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ኮንሰርት አቀረቡ። በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ ጠሯትና «ጸጋ አይሸጥም፤ በከንቱ ተቀበላችሁ፣ በከንቱ ስጡ ይላል ቃሉ» አሏት። እናቷ ባንክ ተቀጠሪ ይሏታል። እሷ መድረኩንም አገልግሎቱንም መተው አትፈልግም።

ሽማግሌው የጠቀሱት ማቴዎስ 10፥8 ነው። ሁለት ቁጥር ወረድ ቢሉ «ለሠራተኛ ምግቡ ይገባዋልና» የሚለውን ያገኙት ነበር። እዚያው ምዕራፍ ላይ ነው። ነህምያ 13 ደግሞ ለአንቺ ይበልጥ ይቀርባል። ሌዋውያኑና መዘምራኑ ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው አገልግሎቱን ትተው ወደየእርሻቸው ሄዱ። ነህምያ ይህን ሲሰማ የተቆጣው በሹሞቹ ላይ ነው። መዘምራኑን «ጸጋችሁን ሸጣችሁ» አላላቸውም፤ ሰብስቦ ወደ ቦታቸው መለሳቸው፣ አሥራቱም መግባት ጀመረ።

እስቲ የኮንፈረንሱን ወጪ አስቢው። ለድንኳን ኪራይ ይከፈላል። ለጄኔሬተር ነዳጅ ይከፈላል። ለሳውንድ ሰውዬው ይከፈላል። ከሌላ ከተማ ለመጣው ሰባኪ አልጋ ይያዝለታል። ቫዮሊኗ ጋ ሲደረስ ብቻ ነገሩ ጸጋ ይሆናል። ክር የሚበጠሰው ግን ያንቺ ነው፤ ራይድ የምትከፍይውም አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ሥራ መፈለግ ከመጀመርሽ በፊት ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጪ። በአንድ ገጽ ጽፈሽ ግቢ። አሥራትሽን ራስሽ ቆጥረሽ እንደምታወጪው ሁሉ፣ በነፃ የምትሰጪውንም ሰዓት ራስሽ ቁረጪው። የእሁዱ አምልኮና ልምምዱ ስጦታሽ ይሁን፤ እሱን በደስታ እንደምታደርጊው ከደብዳቤሽ ያስታውቃል። ኮንፈረንስ፣ የዘማሪዎች የስቱዲዮ ቀረጻ፣ የምዕመናን ሰርግ ግን በክፍያ። ክርና የቦው (የቫዮሊን መምቻው ዘንግ) ፀጉር ቤተ ክርስቲያኗ ትቻል። እምቢ ካሉሽ አትጣዪ፣ አታኩርፊ። እሁድሽን አገልግዪ፣ ለኮንፈረንሱ «ሥራ አለኝ» በይ። እውነትም ሥራ ይኖርሻል።

ሽማግሌው ኮንሰርቱ «ዓለማዊ» ነው ስላሉት፦ የተጫወታችሁት ባህን ነው ብለሻል። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባህ እ.ኤ.አ. ከ1723 ጀምሮ እስኪሞት በላይፕዚግ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ኃላፊ ነበር። ከ1729 ጀምሮ ደግሞ እዚያው ከተማ ዚመርማን በሚባል ቡና ቤት ኮንሰርት ይመራ ነበር። በ1730 ለጓደኛው በጻፈው ደብዳቤ፣ የከተማው አየር ጤናማ ሲሆን ቀብር ይቀንሳል፣ ገቢዬም አብሮ ይቀንሳል ብሎ አማሯል። በሥራዎቹ ግርጌ «ክብር ለእግዚአብሔር ብቻ» እያለ የሚጽፈው ይኸው ሰው ነው። ሌላው የሙዚቃ ደራሲ ቪቫልዲም ቄስ ነበር፤ እንጀራው ግን ቬኒስ ውስጥ አሳዳጊ ለሌላቸው ሴት ልጆች ቫዮሊን ማስተማር ነበር።

ጓደኛሽ ደግሞ በነፃ ስለ መስጠት ፒያኖ ተጫዋቿን መነኩሴ እማሆይ ፅጌማርያም ገብሩን ምሳሌ አድርጋብሻለች። እማሆይ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረዋል፣ በኋላም ካይሮ ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ ቫዮሊኒስት ጋር። ከዚያ መነኮሱ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ የታተመው የፒያኖ ሸክላቸው ገቢ ለወላጅ አልባ ልጆች እንዲውል ነበር። ግሩም ሕይወት ነው። ግን መነኩሴ ነበሩ፣ ወር በገባ ቁጥር በር የሚያንኳኳ አከራይ አልነበረባቸውም። አንቺ ሐያት ኮንዶሚኒየም ተከራይተሽ የምትኖሪ ልጅ ነሽ።

ታዲያ ኪራዩን ምን ይሸፍነው? ማስተማር። እኔ ክላርኔት ተጫዋች ነበርኩ፤ ቤቴን ያቆመው ግን የመድረክ ክፍያ ሳይሆን የትምህርት ቤት ደመወዝ ነው። ጠዋት ለራስሽ ልምምድ ያዢው። ከሰዓት በኋላ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ፣ ቤት ለቤት አስተምሪ። ሙዚቃ የሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶችንም አንኳኪ፤ የግማሽ ቀን መምህር የሚፈልጉ አይጠፉም። ክፍያሽን በወር፣ ያውም አስቀድመሽ ተቀበዪ። በሰዓት ካስከፈልሽ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ተማሪ ይቀራል፣ ገቢሽም ይቀራል። ሐምሌና ነሐሴ ብዙ ቤተሰብ ክፍለ ሀገር ይወጣል፤ ለእሱ ከአሁኑ አስቀምጪ። ልጆቹ እንደ ቁመታቸው ሩብ ወይም ግማሽ የሚባለው አነስ ያለ ቫዮሊን ያስፈልጋቸዋል። ወላጅ ገበያ ወጥቶ ትልቁን ገዝቶ እንዳይመጣ አንቺ ቀድመሽ ንገሪው። ቅዳሜ ለሰርግ ነው፤ ያለ ቀብድ ቀን አትያዢ፣ ዘመድም ቢሆን።

እናትሽ የፈሩት ድህነትን ነው፤ ልክ ናቸው። ግን ባንክ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠሽ ማታ ጣቶችሽ እንደ በፊቱ አይታዘዙሽም። በዚያ ላይ የወንድምሽን የኮሌጅ ክፍያ አንቺ ላይ መጣላቸው አግባብ አይደለም። በየወሩ የምትችይውን ቁርጥ ያለ መጠን ስጪ፣ ከዚያ በላይ ሲጠየቅ የለኝም በይ።

ማስተርስ ውጭ አገር? ሙሉ ስኮላርሺፕ ካልሆነ ተይው። ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት ቪዲዮ ስለሆነ ግን አሁኑኑ ቅረጪ። የዓለም መድረክ ሶሎይስት (ብቻውን የሚጫወት) ለመሆን ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ዘግይቷል። ኳርቴቱ ግን አልዘገየም። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ቲኬት ያለው ኮንሰርት አቅርቡ፤ አንዱን ፕሮግራም በመዝሙር ሙሉት ከፈለጋችሁ፣ ሽማግሌውንም ጋብዢያቸው።

ስብሰባውን ከፋሲካ በፊት ጨርሺው። ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ይጀምራል፣ ያኔ ሁሉም ሰው ቫዮሊን በነፃ ይፈልጋል።