መብራት ሲመጣ ላይብረሪው ባዶ የሚሆነው ጄሊፊን

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አንድ አንባቢ ያገለገለ ትንሽዬ ዴስክቶፕ ገዝቶ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጭኖበታል፤ ላዩ ላይ ጄሊፊን (የራስን ፊልምና ሙዚቃ ቤት ውስጥ ወደ ቴሌቪዥን የሚያቀርብ ፕሮግራም)፣ ለማውረጃ ደግሞ ትራንስሚሽን። ሲስተሙ 120 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ላይ ነው። ፊልሙ፣ የቤተሰቡ ፎቶና አባቱ ከካሴት ያስገለበጧቸው መዝሙሮች ያሉት 2 ቴራባይት ኤክስተርናል ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቴሌቪዥኑ ላይ ላይብረሪው ባዶ ይሆናል። ጄሊፊንን ሁለቴ አጥፍቶ እንደገና ጭኖታል። አሁን ደግሞ ኤስኤስዲው ሞልቷል የሚል መልእክት መጣበት፣ «ሚዲያ» እና «ሚዲያ1» የሚባሉ ሁለት ፎልደሮችም አየ። «ዲስኩ ሞቶ ይሆን? ፎርማት ላድርገው?» ይላል። አንዳንድ ፋይሎችም እየተቆራረጡበት ስለሆነ ጠንካራ ኮምፒውተር ልግዛ ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ወንድሜ፣ እባክህ ፎርማት እንዳታደርገው! ጄሊፊንንም ተወው፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ከጻፍከው እንደማየው የአባትህ መዝሙሮች እዚያው ዲስኩ ላይ ናቸው።

ፍንጯ ያቺ «1» ናት። ኡቡንቱ ዴስክቶፕ ኤክስተርናል ዲስክን በራሱ ማውንት የሚያደርገው (አንድ ፎልደር ላይ ሰቅሎ ፋይሎቹ እንዲታዩ የሚያደርገው) አንተ በስምህ ስትገባ ነው። መብራት መጥቶ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ግን የገባ ሰው የለም፤ ፓስወርድ መጠየቂያው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ጄሊፊንና ትራንስሚሽን ማንንም አይጠብቁም፣ ከጀርባ ይነሳሉ። ትራንስሚሽን የለመደውን አድራሻ ይፈልጋል፣ ዲስኩ የለም፣ ስለዚህ ያንኑ ስም የያዘ ፎልደር ኤስኤስዲው ላይ ያገኛል ወይም ይፈጥራል፣ 777 (ማንም ይጻፍበት የሚል) ፈቃድ ስለሰጠኸውም የሚከለክለው ነገር ስለሌለ እዚያው ማውረዱን ይቀጥላል። ማታ ከሥራ መጥተህ ስትገባ ኡቡንቱ ዲስኩን ሊሰቅል ይሄዳል፤ ቦታው ተይዟል። «ሚዲያ1» ብሎ አጠገቡ ያስቀምጠዋል። ጄሊፊን ግን አሁንም «ሚዲያ»ን ነው የሚያየው። እዚያ ያጣቸውን ፊልሞች ከዝርዝሩ ያወጣል። ኤስኤስዲህም የሞላው በዚሁ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ሁለቱንም ፕሮግራሞች አቁማቸው። ከዚያ ተርሚናል ክፈትና ኤል፣ ኤስ፣ ቢ፣ ኤል፣ ኬ የሚሉትን ፊደሎች አያይዘህ ጻፍ፤ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ ኤፍ። የዲስኮችህን ዝርዝር ያወጣልሃል፦ የፋይል ሲስተሙን (ዲስኩ ፋይል የሚያደራጅበትን ዘዴ) ዓይነት፣ ዩዩአይዲ የሚባለውን ረጅም መለያ፣ በስተቀኝ ጫፍ ደግሞ የት እንደተሰቀለ። ኤክስተርናሉ እዚያ ከታየ ተረጋጋ። ኤስኤስዲው ላይ «ሚዲያ» ውስጥ የተጠራቀመውን ወደ ዲስኩ አዛውር፣ ኤስኤስዲው ይተነፍሳል።

ዓይነቱ ላይ ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውሱ ዓይነት) የሚል ካየህ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በል። መብራት ድንገት ሲቋረጥ ዲስኩ ላይ በአግባቡ እንዳልተዘጋ የሚናገር ምልክት ይቀራል። በፈረንጆቹ 2021 ሊኑክስ ከርነል ውስጥ የገባው ኤንቲኤፍኤስ3 የሚባለው ድራይቨር ይሄን ምልክት ካየ ማውንት አላደርግም ይላል። ዊንዶውስ ያለው ጓደኛህ ጋ ወስደህ ቼክዲስክ (የዲስክ ስህተት ማረሚያ) አስደርገው፣ ይስተካከላል። ግን ሰርቨር ላይ ለሚኖር ዲስክ የሊኑክሱን ኤክስት4 ነው የምመክርህ። ፎርማት የሚባለው ነገር የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፣ ያውም ሁሉንም ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጠህ፣ ከየፎልደሩ ጥቂት ፋይል ከፍተህ አጫውተህ ካረጋገጥክ በኋላ ብቻ። ያ የተገለበጠው ቅጂም አይጠፋ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። የአባትህ ካሴት ዳግመኛ የሚገኝ ነገር አይደለም።

አሁን ለዲስኩ ቋሚ ቤት እንስጠው። ኤስአርቪ በሚባለው ፎልደር ሥር አዲስ ባዶ ፎልደር ፍጠር። ዲስኩ ሳይሰቀልበት፣ ገና ባዶ እያለ፣ ሲ፣ ኤች፣ ኤ፣ ቲ፣ ቲ፣ አር በሚባለው ትዕዛዝ ፕላስ አይ ብለህ ቆልፈው። ይሄ ትዕዛዝ ባዶውን ፎልደር ማንም እንዳይጽፍበት ያደርገዋል፣ ሩት የሚባለው ዋናው አስተዳዳሪ እንኳን ቢሆን። ዲስኩ ሲሰቀልበት ግን የምትጽፈው ዲስኩ ላይ ስለሆነ ምንም አይከለክልህም። ዲስኩ የሌለ ቀን ትራንስሚሽን ስህተት ብሎ ይቆማል እንጂ ኤስኤስዲህን አይሞላም። እኔ የምሠራው ሰርቨር ሁሉ ላይ ይሄን ሳላደርግ አልወጣም።

ቀጥሎ ኢቲሲ ውስጥ ያለችውን ኤፍኤስታብ ፋይል (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚሰቀሉት ዲስኮች ዝርዝር) በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ክፈትና አንድ መስመር ጨምር፦ ዩዩአይዲ እኩል ይሆናል ያ ረጅም መለያ፣ ፎልደሩ፣ ኤክስት4፣ ዲፎልትስ ኮማ ኖፌይል፣ 0፣ 2። ኖፌይልን አደራ! እሱ ከሌለ አንድ ቀን የዩኤስቢ ገመዱ ተነቅሎ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲስኩን 90 ሰከንድ ያህል ይጠብቅና ኢመርጀንሲ ሞድ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ይላል፤ ስክሪን ያልተሰካለት ሰርቨር ደግሞ ምን እንደሆነ አይነግርህም። ሪስታርት ከማድረግህ በፊት ሱዶ ማውንት ሰረዝ ኤ ብለህ ሞክረው። ኖፌይል ስላለ ዝም ማለቱ ብቻ አይበቃም፤ ያቺን የመጀመሪያዋን ትዕዛዝ ደግመህ ዲስኩ አዲሱ ፎልደር ላይ መሰቀሉን እይ።

ጄሊፊን ከዲስኩ ቀድሞ እንዳይነሳም አድርግ። ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ኤዲት ጄሊፊን ስትል የማረሚያ ገጽ ይከፈታል፤ ከላይ ማስታወሻዎቹ በሚያሳዩህ ባዶ ቦታ፣ በማዕዘን ቅንፍ ዩኒት የሚል ርዕስ ጻፍና ከሥሩ ሪኳየርስ ማውንትስ ፎር የሚሉትን ሦስት ቃላት አያይዘህ፣ የየቃሉን መጀመሪያ በትልቁ ፊደል ጽፈህ፣ እኩል ይሆናል ብለህ የፎልደሩን አድራሻ ስጠው። ለትራንስሚሽንም እንዲሁ። ከዚያ ጄሊፊን ዳሽቦርድ ላይ ለየላይብረሪው አዲሱን አድራሻ ጨምር፣ አሮጌውን አውጣ፣ ስካን አስደርግ። የትራንስሚሽንን ማውረጃ አድራሻም መቀየር እንዳትረሳ። 777ን ደግሞ ተወው፤ አንድ ግሩፕ ፍጠርና የሁለቱን ፕሮግራሞች ዩዘሮች አስገባበት፣ የዲስኩን ባለቤትነት ለግሩፑ ስጥ።

ጠንካራ ኮምፒውተር ልግዛ ወይ ላልከው፣ አሁን አትግዛ። ያንተ ኢንቴል 6ኛ ትውልድ ነው፤ ኤችኢቪሲ የሚባለውን የቪዲዮ መጭመቂያ 8 ቢት ከሆነ በሃርድዌር ይፈታል፣ 10 ቢቱ የመጣው ከ7ኛው ጀምሮ ነው። የሚቆራረጡብህ ፋይሎች 10 ቢት ይሆናሉ። ቴሌቪዥኑ ራሱ ካጫወታቸው ሰርቨሩ ምንም አይደክምም፣ መጀመሪያ እሱን ሞክር።

ስለ መብራቱ፦ ስታቢላይዘር ብቻውን አይበቃህም፣ መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ ይጠፋል። አነስ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) ፈልግ፣ የዩኤስቢ ገመድ ያለው ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ናት የሚባለው ፕሮግራም ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩን በአግባቡ ይዘጋልሃል። ያገለገለ ከሆነ ባትሪውን ሳትፈትሽ አትግዛ። ባዮስ ውስጥ ደግሞ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫ አለ፣ አብራው።

ሁሉን ስትጨርስ ሰርቨሩን ዝጋ፣ ኤክስተርናሉን ንቀል፣ አስነሳ። ጄሊፊን መነሳት የለበትም፣ ፎልደሩም ፋይል አልቀበልም ማለት አለበት። እንደገና ዝጋ፣ ዲስኩን ሰካ፣ አስነሳ፣ ፓስወርድ ሳታስገባ ቴሌቪዥኑን ክፈት። መዝሙሮቹ ካልመጡ የዚያችን የመጀመሪያዋን ትዕዛዝ ውጤት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።