ቀርከሃ ላይ የሚጻፍ ፍቅር፦ ስለ ሀኑኖኦ ፊደል ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሀኑኖኦዎች እነማን ናቸው?

መልስ፦ በፊሊፒንስ፣ በሚንዶሮ ደሴት ደቡባዊ ተራሮች የሚኖሩ፣ ማንግያን በሚል የጋራ ስም ከሚጠሩት ሕዝቦች አንዱ ናቸው። ቋንቋቸው ከታይዋን እስከ ማዳጋስካርና ሃዋይ ከተዘረጋው የአውስትሮኔዢያን ቤተሰብ ይመደባል። «ማታ» ለእኛ ምሽት ነው፤ በብዙዎቹ የዚህ ቤተሰብ ቋንቋዎች ግን ዓይን ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ፊደላቸው ከእኛ ፊደል ጋር ዝምድና አለው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ በትውልድ አይዛመዱም፤ የእነርሱ ምንጩ ብራህሚ ከሚባለው ጥንታዊ የሕንድ ፊደል ነው። በአሠራር ግን ይመሳሰላሉ። እንዲያውም የተነባቢውን ምልክት በጥቂቱ እየለወጡ አናባቢውን የሚያሳዩ ጽሕፈቶች ዛሬ በሊቃውንቱ ዘንድ የሚጠሩት በእኛው ቃል፣ «አቡጊዳ» ተብለው ነው። ስያሜውን በ1990 እ.ኤ.አ. ያቀረበው አሜሪካዊው ፒተር ዳንኤልስ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ምልክቱ ብቻውን ሲቆም «ባ» ይነበባል፣ ከላይ ጭረት ሲጨመርበት «ቢ»፣ ከታች ሲሆን «ቡ»። የጎደላቸው ሳድስ ነው። በጥንቱ አጻጻፍ ቃል የሚዘጋው ተነባቢ ጭራሽ አይጻፍም፤ አንባቢው ከዐውዱ ይሞላዋል። ለእኛ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። «ገና» የሚለውን ቃል በዓሉ ይሁን «ገና አልደረሰም» የሚባለው ፊደላችን አይለይልንም፤ የምንለየው እኛው ነን። በኋላ ግን አንቶን ፖስትማ የተባሉ ሆላንዳዊ ሚሲዮናዊ አናባቢውን የሚያስቀር «ፓሙድፖድ» የሚባል ምልክት ጨመሩላቸው።

ጥያቄ፦ ወረቀት በሌለበት ተራራ ይህን ያህል ዘመን እንዴት ቆየ? ማን አስተማራቸው?

መልስ፦ ፍቅር ነው ያቆየው። «አምባሃን» የሚባል ግጥም አላቸው። እያንዳንዱ ስንኝ በልማድ ሰባት ቀለም (ክፍለ ቃል) አለው፤ ስንኞቹም በአንድ ቤት ይመታሉ። ወንዱ የወደዳትን ልጅ በቀጥታ አይናገራትም፤ ስለ ወፍ ወይም ስለ አበባ እያነሳ ልቡን ይገልጣል፣ እርሷም በአምባሃን ትመልስለታለች። ሰምና ወርቅ ያደገበት ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ስለዚህ ወጣቶቹ ፊደሉን የሚማሩት በአብዛኛው ለመተጫጨት በሚደርሱበት ዕድሜ፣ ከዘመድ ከጓደኛ እየቀዱ ነው።

ግጥሙ በቢላዋ ጫፍ ቀርከሃ ላይ ይቀረጻል። አንዳንዴ የሚቀረጸው ከቅጠልና ከፍሬ ተደባልቆ ለሚታኘከው ቡዮ የሚሆነው ኖራ በሚያዝበት ቀርከሃ ላይ ነው። ቢላዋው ከሰውነት እየራቀ ስለሚሄድ ጽሑፉ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ከገጣሚዎቻቸው አንዱ ጊናው ቢሎግ በ1993 እ.ኤ.አ. የፊሊፒንስ መንግሥት ለባህል ጥበብ ባለቤቶች የሚሰጠውን ከፍተኛ ክብር ተቀብሏል።

ጥያቄ፦ ለቀለም አራት ቃል ብቻ አላቸው ይባላል። ድህነት አይደለም?

መልስ፦ በፍጹም አይደለም። አንትሮፖሎጂስቱ ሃሮልድ ኮንክሊን በ1955 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው አራቱ ቃላት ጨለማና ብርሃንን፣ ደረቅና እርጥብንም ይለያሉ። አሁን የተቆረጠ፣ የሚያብለጨልጭ እርጥብ ቀርከሃ መልኩ ቡናማ ቢሆንም ከአረንጓዴው ወገን ይመደባል፤ ትኩስ ነውና። ዕፀዋትን ግን ከ1,600 በላይ ለይተው በስም ይጠራሉ።

ጥያቄ፦ ግራኝ የሆነ ሰው እንዴት ይጽፋል?

መልስ፦ ምልክቶቹን እንደ መስተዋት ገልብጦ ይቀርጻል። አንባቢው ቀርከሃውን እንደተመቸው አዙሮ ስለሚይዝ አይቸገርም።