አንጀቱ የተሰፋ ውሻ ማስታመም

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ውሻችን ቡቺ የበቆሎ ቆረቆንዳ ውጦ አንጀቱ ተዘጋበት። ከትናንት ወዲያ ኦፕራሲዮን ተደርጎ የተጎዳው የአንጀቱ ክፍል ተቆርጦ ወጣ፤ ዛሬ ወደ ቤት አመጣነው። ክብደቱ 20 ኪሎ ነው። ሐኪሙ «ቀስ እያላችሁ አብሉት» ነው ያሉን። ምን ያህል እናብላው? እስካሁንም አልተጸዳዳም። (ከሳሪስ)

መልስ፦ ከምግቡ በፊት ስለ ቀኖቹ እንናገር። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከሁሉም የሚያሰጋው ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ያለው ነው፤ ነገ ይገቡበታል ማለት ነው። ሰውነት በቁስሉ አፍ ያለውን አሮጌ ሥጋ መጀመሪያ ይፈታዋል፣ አዲሱ ደግሞ ገና አልጠነከረም። በእነዚህ ቀናት አንጀቱን የያዘው ክሩ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስፌቱ ካፈሰሰ በአንጀት ውስጥ ያለው ቆሻሻ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይገባና በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሻው በ2ኛው ቀን ጅራቱን እየቆላ ሲነሳ «ድኗል» ብሎ ግቢ ሲለቀው ነው። መብላት ጀምሮ የነበረ ውሻ በ4ኛው ቀን ፊቱን ከሳህኑ ካዞረ፣ ካስመለሰ፣ ሆዱን ሲነኩት ካጉረመረመ ወይም ጥግ ይዞ ከተኛ፣ እስኪነጋ አይጠብቁ።

ሙቀቱን ጠዋትና ማታ ይለኩ። ቴርሞሜትሩን ቫዝሊን ቀብተው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል በፊንጢጣው ያስገቡ። የውሻ ጤነኛ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ስለሆነ 38.5 ሲያዩ አይደንግጡ። ከ39.5 ከበለጠ ወይም ከ37.5 ከወረደ ግን ወደ ክሊኒክ ነው፤ የወረደው እንዲያውም የባሰ ምልክት ነው። የአፍንጫ መድረቅና መርጠብ ምንም አይነግርዎትም።

ወደ ምግቡ እንምጣ። ክብደቱን በ30 አባዝተው 70 ሲደምሩ ተኝቶ የሚያገግም ውሻ በቀን የሚያስፈልገውን ኪሎ ካሎሪ ያገኛሉ፤ ለቡቺ 670 ነው። አንድ እጅ ቆዳው የተገፈፈ የተቀቀለ የዶሮ ደረት ከሁለት እጅ በደንብ ከበሰለ ሩዝ ጋር ሲደባለቅ፣ 100 ግራሙ ወደ 140 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ሙሉው የቀን ድርሻ እንግዲህ 480 ግራም ገደማ ነው። ዛሬ ሲሶውን፣ 160 ግራሙን ብቻ፣ አምስት ቦታ ከፍለው ይስጡት፤ አንዱ ድርሻ 32 ግራም ነው። ካላስመለሰ ነገ 320 ግራም፣ ከነገ ወዲያ ሙሉውን። ሁለት ጊዜ ካስመለሰ ምግቡን አቁመው ለሐኪሙ ይደውሉ። ውሃ አይከልክሉት፣ ግን በትንሽ በትንሹ ይቅረብለት። ወደ ለመደው ምግብ የሚመለሰው ከሳምንት በኋላ፣ በአራት ቀን ውስጥ እየተቀላቀለ ነው።

ስብ ጨጓራ ላይ ስለሚቆይ ማስመለስን ይጠራል፤ ወተትም ያስቀምጠዋል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፣ ስለዚህ የወጥ ትርፍራፊ አይቅመስ። ጾም ገብቶ ቤት ውስጥ ሥጋ ከሌለም መፍትሔው ሽሮ አይደለም፤ ውሻው አይጾምም፣ እንቁላል ይቀቀልለት።

አለመጸዳዳቱ ብቻውን አያሳስብም። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ብዙም አልበላ፣ ማደንዘዣውም አንጀትን ያዘገያል፤ እየበላና ሳያስመልስ 3 ወይም 4 ቀን ቢቆይ የተለመደ ነው። ዘይት ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት አይስጡት። የመጀመሪያው ለስለስ ብሎ ቢወጣ ችግር የለም፤ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚጣበቅ ከሆነ ግን ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ይውሰዱት።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ የአንጀት ቁስልንም እንዳይድን ያዘገያሉ። ፓራሲታሞልም ቢሆን በግምት አይሰጥም። ማስታገሻ ከሐኪሙ ብቻ።

የሆዱን ስፌት በቀን ሁለት ጊዜ ይዩት። ጠርዙ ጥቂት ቢቀላ፣ በመጀመሪያው ቀን ሮዝ ፈሳሽ ቢያወጣ ጤነኛ ነው፤ መግል፣ ሽታ ወይም ክፍተት ካለው ግን ጤነኛ አይደለም። አልኮል አያስነኩት፣ አያጥቡት። ስፌቱን እንዳይልስ አንገቱ ላይ የሚጠለቀው ኮን ክሩ እስኪወጣ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ሌሊትም አይወልቅ። ከሌለ ወለሉ የተቆረጠ ባልዲ ጠርዙን በጨርቅ ጠቅልለው ይጠቀሙ፤ ከአፍንጫው አልፎ መውጣት አለበት። ሁለቱን ሳምንት ለመጸዳዳት ብቻ፣ በማሰሪያ፣ አምስት ደቂቃ ይውጣ፤ ደረጃና ዝላይ ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ቡችላችን የማዳበሪያ ከረጢት ክር በልታ ጫፉ ከኋላዋ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ስቦ ማውጣት ይቻላል?

መልስ፦ በፍጹም አይሳቡ። የክሩ ሌላ ጫፍ ምላስ ሥር ወይም ጨጓራ ላይ ተጠምጥሞ ከሆነ፣ ሲጎትቱት አንጀቷን እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። የሚንጠለጠለውን በመቀስ አሳጥረው ይተዉት፣ አፏን ከፍተው ምላሷ ሥር ክር መኖሩን ይዩ፤ ቢያገኙም አይንኩት። ምግብ ሳይሰጧት ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ያድርሷት፣ ያዩትንም ይንገሯቸው፤ እንዲህ ያለ ክር በኤክስሬይ ላይ ራሱ ላይታይ ይችላል።