ከፋይናል በፊት ሲጋራ ማቆም፦ ጫቱንና ቡናውን አትርሳ

«3ኛ ዓመት ነኝ፤ በቀን 8 ፍሬ አጨሳለሁ፣ ጫት በያዝኩ ቀን ፓኬት ይጠጋል። ፋይናል 5 ሳምንት ቀርቶታል፣ እንዴት ላቁም?» ላልከው ወንድም፦

5 ሳምንት ይበቃሃል፤ ወደ ፈተናው አታስጠጋው እንጂ። ኒኮቲን በ2 ሰዓት ገደማ ከደም ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ንጭንጩና ሐሳብ አልሰበሰብ ማለቱ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ይብስና ከዚያ እየለዘበ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቆያል። የመጨረሻዋን ሐሙስ ማታ ካጨስክ ክፉዎቹ ቀናት ቅዳሜና እሁድ ላይ ይውላሉ፤ ክላስ አይነኩብህም።

በየቀኑ አንድ ፍሬ እየቀነሱ መሄድን ብዙም አላምንበትም። ፍሬው ሲያንስ ጭሱ ጠልቆ ይሳባል፣ እስከ ፊልተሩ ይጨሳል፤ ሰውነት የለመደውን መጠን ከትንሹም ያወጣል።

ያንተ ትልቁ እንቅፋት ግን ጫቱ ነው። ካምፓስ ውስጥ አቁሞ የሚመለሰው ብዙው ልጅ የሚመለሰው ምርቃና ላይ ወይም ለጨብሲ (ምርቃናውን ለመስበር) ቢራ ሲይዝ ነው። «እየቃምኩ ሲጋራውን ብቻ እተዋለሁ» የሚለው ስሌት እምብዛም አይሠራም፤ ቢያንስ ለአንድ ወር ሁለቱንም አንድ ላይ ተዋቸው። ጫት መተው በራሱ ድብርትና እንቅልፍ ያመጣልና በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጊዜ ተኛ፣ ንባቡን ወደ ጠዋት አዙረው።

ቡናውንም ተጠንቀቅ። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል፤ ስታቆም ይህ ይቀርና በለመድከው ስኒ ልክ ብትጠጣም ደምህ ውስጥ ያለው ካፌይን እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሰውም «ማቆም አልተስማማኝም» ብሎ ይመለሳል። ከመጀመሪያው ቀን በግማሽ ቀንስ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ይቅርብህ።

አምሮቱ ሲመጣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው የሚቆየው። ቆሎ ያዝ፣ ውሃ ጠጣ፣ ከዶርም ወጥተህ አንድ ዙር ተራመድ። ላይተሩን ስጥ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ፍሬ በፍሬ መሸጥን ቢከለክልም ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ አንዷን ይሰጥሃል፤ ለአንድ ወር በሌላ በር ውጣ።

ከነቃህ 30 ደቂቃ ሳይሞላ የምታጨስ ከሆነ ሱስህ ጠንከር ያለ ነው፤ ፋርማሲ የኒኮቲን ማስቲካ ካገኘህ ባለ 4 ሚሊግራሙን ውሰድ፣ የመጀመሪያዋን ከ30 ደቂቃ በኋላ የምታጨስ ከሆነ ግን ባለ 2ቱ ይበቃል። እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም፦ እስኪቆጠቁጥ ታኝክና ጉንጭህና ድድህ መካከል ታቆየዋለህ፣ ስሜቱ ሲጠፋ ትደግማለህ። ዝም ብለህ ካኘክኸው ኒኮቲኑ ከምራቅ ጋር ተውጦ ስቅታና ማቅለሽለሽ ያመጣል። ቡና ከጠጣህ 15 ደቂቃ ጠብቅ።

ካቆምክ በኋላ ሳል ሊጨምር ይችላል፤ ሳንባህ አክታውን መጥረግ ስለሚጀምር ነው። ሳሉ 2 ሳምንት ካለፈው ግን የሲጋራ ነው ብለህ አትለፈው። ዶርም ተጨናንቆ የሚታደርበት ቦታ ነው፣ ማጨስም ለቲቢ ያጋልጣል፤ የተማሪዎች ክሊኒክ ሄደህ አክታህን አስመርምር።